«ቤቱን በስምህ ላዙርልህ»

ወላጆቻችሁ ቀድመው አሜሪካ ገብተው፣ ቤት ገዝተው፣ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ እናንተንም ካስመጧችሁ ይህ ወሬ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናው እየተፈላ እናት ከመሳቢያ ፖስታ ያወጣሉ። «ልጄ፣ ዓይኔ እያየ ቤቱን በስምህ ላዙርልህ። ኖተሪ ፊት መፈረም ብቻ ነው።» ፖስታው ውስጥ ያለው ኩዊትክሌም ዲድ የሚባል፣ የቤት ባለቤትነትን ወደ ሌላ ሰው የሚያዞር ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። እባካችሁ አትቸኩሉ።

በአሜሪካ የግብር ሕግ በስጦታ የመጣ ቤትና በውርስ የመጣ ቤት እኩል አይታዩም። እናት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1998 በ150 ሺህ ዶላር ገዙት፣ ዛሬ 550 ሺህ ያወጣል እንበል። በሕይወት ሳሉ ከሰጧችሁ የገዙበት ዋጋም አብሮ ይተላለፍላችኋል። ስትሸጡት 400 ሺህ እንዳተረፋችሁ ይቆጠራል፤ የትርፉ ግብር በ15 በመቶ ብቻ ቢሰላ እንኳ 60 ሺህ ዶላር ነው! ብትወርሱት ግን የትርፉ ማስያ መነሻ ዋጋ እናት በሞቱበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ስለሚሆን፣ ወዲያው ብትሸጡት የሚታሰብ ትርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስሙ ከዞረ በኋላ ሁለት ዓመት ራሳችሁ ከኖራችሁበት ከትርፉ እስከ 250 ሺህ ዶላር ነፃ ይሆንላችኋል፤ ሌላ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም።

ሰው በብዛት የሚፈራው የስጦታ ግብሩን ነው። እሱ እንኳ አያሳስብም። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው ከ19 ሺህ ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ፎርም 709 የሚባለውን የስጦታ ማሳወቂያ ያስገባል፤ ፎርሙን የሚሞላው ሰጪው ነው። የዕድሜ ልክ ስጦታው የሕጉን ጣሪያ (በዚያ ዓመት ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ነበር) ካላለፈ የሚከፍለው የለም።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የእናት ጉዳይ ነው። ቤቱ በስማችሁ ከሆነ የእናንተ ዕዳ፣ የእናንተ ፍቺ እሳቸው የሚተኙበት ክፍል ድረስ ይገባል። ታመው ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ቢያስፈልጋቸውና ለዚያ ሜዲኬይድ የሚባለውን፣ አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን ቢጠይቁ ደግሞ ያለፉት አምስት ዓመታት የንብረት ታሪካቸው ይታያል፤ በዚያ ውስጥ ያለ ክፍያ የሰጡት ቤት ለተወሰነ ጊዜ ሊያስከለክላቸው ይችላል።

ቨርጂኒያና ዲሲ የምትኖሩ ሌላ መንገድ አላችሁ፤ ትራንስፈር ኦን ዴዝ ዲድ ይባላል፤ ባለቤቱ ሲሞት ቤቱን የሚያስተላልፍ ሰነድ ማለት ነው። እናት ኖተሪ ፊት ይፈርማሉ፣ ሰነዱ በሕይወት ሳሉ ይመዘገባል። እስከ ዕለተ ሞታቸው ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩም መሻር ይችላሉ። ሲያርፉ ያለ ፕሮቤት፣ ማለትም ያለ ውርስ ፍርድ ቤት ሂደት፣ ወደ እናንተ ያልፋል። ለዚህ የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ አይቆጫችሁ።

ወላጆቻችሁ አዲስ አበባ ሆነው፣ የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም ሳይኖራቸው፣ የአገር ቤቱን ቤት በውልና ማስረጃ በኩል ቢያዞሩላችሁስ? በዓመት ከእነሱ ያገኛችሁት ስጦታ ከ100 ሺህ ዶላር ካለፈ በፎርም 3520 ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለአይ አር ኤስ ታሳውቃላችሁ። ግብር የለውም። ሳታሳውቁ ከቀራችሁ ግን ቅጣቱ የስጦታው 25 በመቶ ድረስ ሊደርስ ይችላል።