ጂፒኤሱ ሲሳሳት፦ ጥፋቱ የሳተላይቱ ነው፣ የስልኩ ወይስ የካርታው?

አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ጂፒኤስ የሚነዳ ሰው እነዚህን ችግሮች ሳያያቸው አይቀርም። መፍትሄያቸው ግን ይለያያል። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ።

ነጥቧ ከአስፋልት ወጥታ ፎቅ ውስጥ ትገባለች

ሰንጋ ተራ አካባቢ ይሄ የተለመደ ነው። ሳተላይቶቹ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው የሚዞሩት። ስልካችሁ ምልክታቸው እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል፤ ከርቀቶቹ ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅም ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልገዋል። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትና ዙሪያውን ያሉት ባለመስታወት ፎቆች ሰማዩን ይጋርዳሉ፣ ምልክቱንም ያነጥሩታል። ምልክቱ ፎቅ መትቶ 30 ሜትር ዞሮ ከመጣ፣ ስልኩ ሳተላይቱ በዚያው ልክ የራቀ ይመስለዋል።

እዚህ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ምንም አይፈይድም። ፎቆቹ መሀል ከመግባታችሁ በፊት ቀጣዮቹን ሁለት መታጠፊያዎች አይታችሁ ያዙ። ነጥቧ ስትዘል መሪ አትጠምዝዙ፤ ሰማዩ ሲከፈት ራሷ ትመለሳለች። ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ በባቡሩ ድልድይ ሥር ስትነዱም እንደዚሁ።

ቀለበት መንገድ ላይ ሆናችሁ "የጎኑ መንገድ ላይ ናችሁ" ይላል

ስልክ ሰማዩ ክፍት በሆነበት እንኳ ወደ 5 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱ መንገዶች ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው። ከፍታን ሲለካ ስህተቱ ስለሚብስ ድልድይ ላይ ሁኑ ሥር፣ ብዙ ጊዜ አይለይም። መውጫውን ከታፔላ አንብቡ።

ጠዋት ቦታውን አላገኝ ይላል

አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ፓርኪንግ ያደረ መኪና ላይ ነው። ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረውን መረጃ ከራሳቸው ለመቀበል 30 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ምልክቱ ከተቆራረጠ ይረዝማል። ዳታ ከበራ ግን በኔትወርክ ቶሎ ያገኘዋል። ወደ ውጭ ውጡ፣ ዳታ አብሩ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ።

ቆማችሁ ሳለ ቀስቱ ወደ ኋላ ከዞረ፣ ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ ኮምፓሱን አሳስቶት ይሆናል። ጥቂት ሜትር ስትነዱ ይስተካከላል።

የሚያሳየው መንገድ የለም

ይሄ የካርታው ነው። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ጨምሮ ብዙ ቦታ ቀያይሯል። ያወረዳችሁትን ካርታ አድሱ። የተዘጋውን መንገድም ሪፖርት አድርጉ፤ ለሚቀጥለው ሾፌር ይጠቅማል።

ሾፌሩ ሌላ ቅያስ ውስጥ ይቆማል

ባለፈው ክረምት እናቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ ታክሲ ጠራሁ። ሎኬሽኑን የላክሁት ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። ሾፌሩ ከጀርባችን ባለው ቅያስ ሩብ ሰዓት ጠበቀን፤ እናቴ ጃንጥላ ይዛ በራችን ላይ ቆማለች። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ስልኩ ሳተላይት በደንብ ስለማያገኝ በዋይፋይና በኔትወርክ ማማ ነው የሚገምተው። ግምቱም በመቶ ሜትሮች ሊስት ይችላል። አሁን ወደ በር እወጣለሁ። ነጥቧን የከበበው ፈዛዛ ክብ እስኪጠብ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እልካለሁ። ክቡ ሰፊ ከሆነ ስልኩ "እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነህ" እያለ ነውና፣ የአጥሩን ቀለም ወይም አጠገብ ያለውን ሱቅ ጽፌ እጨምርበታለሁ።