ንስሐ ከገባችሁ ዓመታት ካለፉ፣ እንዲህ ጀምሩ

"ትንሽ ልስተካከልና እገባለሁ" እያልኩ ስድስት ዓመት ከረምኩ። አልተስተካከልኩም። ሻወር ቤት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ታጥቦ አይሄድም እኮ። ሉቃስ 15 ላይ ያለው ጠፍቶ የነበረው ልጅም የመጣው እሪያ ሲጠብቅ በነበረበት ልብሱ ነው፤ ያማረውን የለበሰው አባቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

የምነግራችሁ እኛ ተዋሕዶዎች ዘንድ ስላለው ነው። የንስሐ አባት ያዙ። ካህን መሆን አለባቸው፣ ዲያቆን አያናዝዝም። ለቅዳሴ የሚጣደፉ አባት አታስቁሙ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን ጠጋ በሉ፣ መስቀል ተሳለሙና "አባቴ፣ ንስሐ ልገባ ነበር፣ መቼ ይመችዎታል?" በሉ። በቃ።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ምሽት ብቻችሁን ተቀመጡና ኃጢአታችሁን ጻፉ። ስልክ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ፣ ሲያበቃ ትቀድዱታላችሁ። "አባቴ፣ ብዙ ኃጢአት አለብኝ" ማለት ምንም አለመናገር ነው፤ ሁላችንም አለብን፣ ሮሜ 3 ላይ "ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና" ተብሎ የለ? በስሙ ጥሩት። "ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ ወስጃለሁ።" "እህቴን አምቻታለሁ።" አራት ነጥብ። "ግን እኮ እሷም..." የሚለው ምላሳችሁ ላይ ሲመጣ ዋጥ አድርጉት።

ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አባ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ሰሙኝ። አማቴ ምን እንዳለችኝ፣ በሠርጌ ቀን ምን እንዳደረገችኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስጨርስ፣ "ልጄ፣ የአማትሽን ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታት። ያንቺስ?" አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ።

የወሰዳችሁት የሰው ገንዘብ ካለ መልሱ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው፤ እኛ አንዱም ይከብደናል። የተጣላችሁት ሰው ካለ ደግሞ ደውሉለት። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። አላነሳም ካለ ለአባታችሁ ንገሩ፣ እሳቸው ይሸመግላሉ።

ብዙ ሰው የሚፈራው የንስሐ አባት የሚሰጡትን ቀኖና ነው፦ ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ዳዊት መድገሙን፣ ምጽዋቱን። ቅጣት አይደለም፣ የኃጢአት ዋጋም አይደለም፤ ዋጋውን ክርስቶስ በመስቀል ከፍሎታል። ይሄ የቁስል መድኃኒት ነው፣ ስለዚህ ሐኪም ፊት እንደምትናገሩት ተናገሩ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ስኳር አለብኝ፣ የሌሊት ሽፍት እሠራለሁ በሉ፣ እንደ አቅማችሁ ይሰጧችኋል። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳም (ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት) ስግደት የለምና ስትቆጥሩ እንዳይምታታባችሁ። ስትጨርሱ ተመልሳችሁ "ይፍቱኝ" በሉ። ቁረቡ ካሏችሁ ከዚያ በፊት 18 ሰዓት መጾም እንዳለ እንዳትረሱ።

ሰኞ ንስሐ ገብታችሁ ሐሙስ ያንኑ ልትደግሙት ትችላላችሁ። ያኔ "አሁንማ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ" ብላችሁ ሌላ አባት ፍለጋ እንዳትሄዱ (አባት በቀየሩ ቁጥር ኃጢአታቸውም አዲስ የሚመስላቸው አሉ)። ጴጥሮስ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ነው የካደው። እኔም ያንኑ ሐሜት ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ፣ አባ ገና ከሩቅ አይተውኝ ፈገግ አሉና ዱካውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉት።