ለማገዶ ማመላለሻ የሚሆን የእጅ ጋሪ አሠራርና አመራረጥ

አዲስ አበባ መሃል ላይ ማገዶ የሚያመላልስ ጋሪ ለማሠራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ እንደሚችል ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ጋሪው ቁልቁለት ላይ በምን ይቆማል የሚለው ነው። ዳገት ላይ የደከመው ሰው ድንጋይ አስደግፎ ያርፋል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ወይም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሲወርድ ጋሪው የሚገፋው ሰው ግን ማረፊያ የለውም። ከነጭነቱ 250 ኪሎ የሚመዝን ጋሪ በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ ጎታቹን ያለማቋረጥ በ25 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋዋል።

ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80፣ የጎኑ ከፍታ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሶኒ እስከ አፉ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ቢደረደርበት፣ ደረቁ እንጨት ከ200 እስከ 250 ኪሎ፣ ገና ያልደረቀው ደግሞ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ እርጥብ እንጨት ሲጫን ካሶኒው መሙላት የለበትም፤ የእርጥቡን ልክ የሚያሳይ መስመር በካሶኒው ጎን ላይ በቀለም ማስመር ጎታቹንም ጫኙንም ከክርክር ያድናል። ጋሪው ከነጎማው የሚኖረው ወርድ ከመወሰኑ በፊት ደግሞ የግቢውን በርና የሚገባበትን ጠባብ መንገድ መለካት ያስፈልጋል።

ጎማ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም። ትንሽና ደረቅ ጎማ ኮብልስቶን ላይ በየድንጋዩ መካከል እየገባ ጉልበት ይበላል፤ ትልቅና በነፋስ የተሞላ ጎማ ግን ክፍተቱን ተሻግሮ ያልፋል። ጠቅላላው ክብደት ከ250 ኪሎ የማይበልጥ ከሆነ እኔ የምመርጠው የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ነው፤ ቀላል ነው፣ ኩሽኔታው አብሮት ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙዎቹ የፍሬን ሸራ ያለው ከበሮ አላቸው። ሲገዛ ቸርኬው የሽቦ ሳይሆን ወጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ሽቦዎቹ ጋሪው ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚመጣውን ጫና አይችሉም። ይህ ጎማ አክስሉ በሁለቱም ጫፍ እንዲደገፍ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን በሁለት ወፍራም ላሜራዎች መካከል መታሰር አለበት። ከዚያ በላይ ለሚጭን ሰው ባለ 13 ኢንች የመኪና ጎማ ይሻላል። በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚነበበው ቁጥር የጭነት አቅም መለያ ነው፤ 47 ማለት 175 ኪሎ፣ 82 ማለት 475 ኪሎ ነው፤ ይህም ለአንድ ጎማ ነው። እንደ መኪና ጎማ በጋሪው አክስል ጫፍ ላይ የሚገጠም ጎማ ከተመረጠ፣ ክፍት ቱቦ ሳይሆን 30 ሚሊ ሜትር ድፍን ሻፍት መጠቀምና ለእያንዳንዱ ጎማ ቁጥራቸው 6206 የሆነ ሁለት ኩሽኔታዎች ማስገባት ይበቃል።

ብዙ በያጆች አክስሉን በካሶኒው ትክክለኛ አጋማሽ ላይ ያደርጉታል፤ ሜዳ ላይ ሲሞከር እጀታው ስለማይከብድ ሥራው ያማረ ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። የጭነቱ መካከል ከአክስሉ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ከላይ በተጠቀሰው ዓይነት ዳገት ላይ ክብደቱ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በዚህ ጊዜ እጀታው ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል፣ ጎታቹም ክብደቱን እግሩ ላይ ጥሎ መሳብ ሲገባው እጀታውን ወደ ታች ሲጫን ይውላል። አክስሉ ከካሶኒው አጋማሽ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ ከአክስሉ 160 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሚያዝ እጀታ ላይ ሜዳ ላይ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ያህል ያርፋል፤ ይህ ለአዋቂ ሰው የሚቻል ነው። አክስሉ ወዲያው ከመበየድ ይልቅ ላሜራው ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ተበስተው በብሎን ቢታሰር፣ ጋሪው እንጨት ተጭኖበት ከተሞከረ በኋላ ቦታውን ማስተካከል ይቻላል። ሙከራው ላይ መገኘት ያለበት ጋሪውን የሚጎትተው ሰው ነው፤ የሚያሠራው ባለ ዳቦ ቤት ቢሆንም ወገቡ የሚጎዳው የእሱ ነው፣ የእጀታውም ከፍታ በእሱ ቁመት ይለካ።

ፍሬኑ ሁለት ዓይነት ቢሆን እመክራለሁ። አንደኛው ከበሮው ውስጥ ያለው ሸራ ሲሆን፣ ከሁለቱም ጎማዎች የሚመጣው ካቦ በአንድ ማንሻ እንዲሳብ ተደርጎ እጀታው ላይ ይታሰራል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ከተያዘ ጋሪው ይዞራል። ሁለተኛው በካሶኒው ኋላ ከሥር የሚታሰር፣ አሮጌ የመኪና ኮፐርቶን የተቸነከረበት ወፍራም እንጨት ነው። ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ፣ ጎታቹ እጀታውን ወደ ላይ ሲያነሣ ከአስፋልቱ ጋር ይፋተጋል፤ ካቦ ቢበጠስ የሚቀረው እሱ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከኋላ ገመድ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው መኖር አለበት።

ለአካሉ ጎኑ 40 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይበቃል። ወለሉ በላሜራ ከሚሸፈን ይልቅ ክፍተት እየተተወ ጣውላ ቢነጠፍበት ውኃ አይቋጥርም፣ ሲሰበርም አንዱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ጋሪውን ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄዶ ማየት ግድ ነው። የብየዳው ልጣጭ በመዶሻ ከተነሣ በኋላ ቀዳዳ ወይም ከቱቦላሬው ጋር ያልተዋሐደ ጠርዝ ከታየ፣ በተለይም የአክስሉ ላሜራና የእጀታው ሥር ላይ ከሆነ፣ ተፈጭቶ እንደገና መበየድ አለበት፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ይህን የሚያሳይ ነገር የለም።

ከከተማ ውጭ ባለ ግቢው አራት ጎማ ያለው ሞተር ኖሮት ይህንኑ ጋሪ በተጎታችነት ሊጠቀምበት የሚያስብ ሰው፣ በማያያዣው ላይ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህል እንዲያርፍ ማድረግና በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው የመጎተት ልክ አለማለፍ አለበት።

ሲጫን ወፍራሙ ግንድ ከታች፣ ከአክስሉ በላይ ይቀመጣል፤ ቀጫጭኑ በላዩ ይደረደርና በገመድ ይታሰራል፤ ከጎኑ በላይ መቆለል ግን ክብደቱን ከፍ አድርጎ ከላይ የተነገረውን ችግር ያባብሰዋል። የጎማው ነፋስ በየሳምንቱ ይታይ፤ ክረምት ሲወጣ ደግሞ ኩሽኔታዎቹ ተፈትተው ጭቃው ከተጠረገ በኋላ ግራሶ ይቀቡ፣ ያለቁ የፍሬን ሸራዎችም አብረው ይለወጡ።