በልጉ ዘግይቶ ብርዱ ሲቆይ ጓሯችሁን እንዴት ትጀምራላችሁ?

መጋቢት ገብቶም ጠዋት ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ አመዳይ እያያችሁ ከሆነ ድንቹን ገና አትትከሉት። ደብረ ብርሃን፣ አንጎለላ፣ መንዝ ላላችሁ ነው የምለው። ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመድ የቲማቲሙን ፎቶ ቢልክላችሁም አትጣደፉ። እሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እኛ 2,800 አካባቢ ነን፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

እኔ አምና ብርዱ ያለፈ መስሎኝ ቸኮልኩ። ገና ብቅ ያለውን ቅጠል በአንድ ሌሊት ውርጭ መታብኝ፣ ጠቁሮ አደረ። ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ፣ ግን ከእኔ ሁለት ሳምንት ዘግይታ የተከለችው ጎረቤቴ ቀድማኝ ድንች ቀቀለች።

በልግና ብርድ የተያያዙ ናቸው። ደመና ሌሊት መሬቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ዝናቡ ሲዘገይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሁሉ ይለቅና ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑን ሳይሆን ሰማዩንና አፈሩን እዩ። ጠዋት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ቅዝቃዜው አላስቆይ ካላችሁ ጠብቁ።

እስከዚያው ዘር ድንቹን አብቅሉት፣ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። የእንቁላል ያህል የሆነውን ምረጡ፣ ከጆንያ አውጡና ሳጥን ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ይሁን። ጨለማ ውስጥ ከቆየ ቡቃያው ነጭና ረጅም ይሆንና ስትተክሉት ይሰበራል፣ ብርሃን ያገኘው ግን አጭርና ወፍራም ሆኖ ይጠነክራል። ድንቹ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዘር ምንም አይለው፣ ለወጥ ግን እንዳታደርጉት፣ መርዝነት አለው።

የጎመንና የጥቅል ጎመን ዘር በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ላይ ዝሩ፣ ሥሩን ብሱት ውሃው እንዲወርድ። ቀን ፀሐይ የሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አኑሩት፣ ማታ ቤት አስገቡት። ወደ መደብ ከማዛወራችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ውጭ እያቆያችሁ ብርዱን አለማምዱት።

ነጭ ሽንኩርት ውሃ ካላችሁ አሁንም ይገባል። ካሮትም ይዘራል፣ ግን በብርድ ለመብቀል ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል የቀረ መስሏችሁ አትቆፍሩት። ቲማቲምና ቃሪያን ለጊዜው እርሷቸው።

ቦታም ምረጡ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ከጓሯችሁ ትንሽ ከፍ ያለው ይቅደም። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ውሃ ሲጠነፈፍለት ቶሎ ይሞቃል። ጭድ አልብሳችሁት ከነበረም ግለጡት፣ ፀሐይዋ አፈሩን ታግኘው።

አሁን የበቀለ ነገር ካላችሁና ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጭጭ ካለ፣ ያ ሌሊት ያሰጋል። ከሰዓት በኋላ አፈሩን አጠጡት፣ ቅጠሉን አይደለም፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ ቅርንጫፍ ተክላችሁ ከፍ አድርጉት። ጠዋት ሲሞቅ ግለጡት።

አመዳዩ ጠፍቶ ደመናው ሲያድር ድንቹን ትከሉ፣ በመስመሮቹ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በድንቾቹ መካከል 30። ቡቃያው ብቅ ካለ በኋላ ሰማዩ እንደገና ከጠራባችሁ አፈር አልብሱት፤ ራሱ ሰንጥቆ ይወጣል።