ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆን ፎቶካታሊስት፦ ከማሻሻሉ በፊት ማጽዳቱ

በፎቶካታሊስት፣ ማለትም ብርሃን ሲያገኝ ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ዱቄት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሜቴን ስንለውጥ የምናገኘው ጋዝ በማይክሮሞል የሚቆጠር ነው። ዱቄቱ ላይ የቀረ አልኮል፣ አሴቶን ወይም ከቫልቭ የተረፈ ግሪስም ብርሃን ሲያገኘው ያንኑ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ ቀድሞ የሚሠራው ጽዳት ነው። እዚህ የምንይዘው ፒ25 የሚባለውን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው።

ለእያንዳንዱ ናሙና 1 ግራም ፒ25 በሴራሚክ ክሩሲብል አድርጋችሁ፣ አየር በሚገባበት ፈርነስ (የላቦራቶሪ ምድጃ) በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ3 ሰዓት አቆዩት። ከ600 በላይ አትሂዱ፤ አናቴዝ የሚባለው የክሪስታል ቅርጹ ሩታይል ወደሚባለው ሌላ ቅርጽ ይዞራል፣ ዱቄቱም ተጋግሮ በግራም 50 ካሬ ሜትር ገደማ የነበረው የገጽ ስፋቱ ይቀንሳል። ሲበርድ በመስታወት ዕቃ ክደኑት። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ካስቀመጣችሁት ልፋታችሁን ውሃ በላው።

ቀጥሎ መዳብ ነው። ባዶው ዱቄት ላይ ብርሃን የቀሰቀሰው ኤሌክትሮን ሥራ ሳይሠራ ከሆሉ (ራሱ ትቶት ከሄደው ባዶ ቦታ) ጋር ተመልሶ ይገናኛል፤ መዳብ ኤሌክትሮኑን ይዞ ያቆያል። ፕላቲነምም ይይዛል፣ ግን ኤሌክትሮኑን ውሃው ላይ አውሎ ሃይድሮጅን ማውጣት ይቀናዋል። ጥቂት ሚሊግራም ለመመዘን ከሚዛን ጋር አትታገሉ፦ 380 ሚሊግራም ኮፐር ናይትሬት (ሦስት ውሃ ያለውን) ሟሙቶ 100 ሚሊሊትር እንዲሞላ አድርጉት። አሁን 1 ሚሊሊትሩ 1 ሚሊግራም መዳብ ይዟል። ለ1 ግራም ዱቄት 2.5፣ 5፣ 10 እና 20 ሚሊሊትር በመጨመር ከ0.25 እስከ 2 በመቶ ያሉ አራት ናሙናዎች አዘጋጁ። እያማሰላችሁ በ80 ዲግሪ አድርቁ፣ ፍጩ፣ በ350 ዲግሪ ለ2 ሰዓት አቃጥሉ። መዳብን በሜታኖልና በብርሃን የማስቀመጥ ዘዴም አለ፤ ካርቦን ትቶ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ አንመርጠውም። መዳብ ሲበዛ ደግሞ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ኤሌክትሮንና ሆል የሚጠፋፉበት ቦታም ይሆናል። ስለዚህ አራቱን አወዳድሩ እንጂ ትልቁን ይሻላል ብላችሁ አትጀምሩ።

ከናሙናው 50 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በመስታወት ሳህን ላይ አፍስሱና አድርቁ። ማጣበቂያ፣ አልኮል አይግባበት። በ200 ሚሊሊትር ሪአክተር ውስጥ ሳህኑን ከፍ አድርጉና ከሥር 1 ሚሊሊትር ውሃ አኑሩ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደቂቃ 50 ሚሊሊትር እያሳለፋችሁ ለ40 ደቂቃ እጠቡት፤ የሪአክተሩ ይዘት አሥር ጊዜ ተተካ ማለት ነው። ከዚያ ዘግታችሁ በ300 ዋት ዜኖን መብራት 4 ሰዓት አብሩ፣ የውሃ ጃኬቱን በ25 ዲግሪ ያዙ። ከ420 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አታስገቡ፤ ፒ25 ከ410 ገደማ በላይ ያለውን ብርሃን አይጠቀምበትም።

ዳኛው ባዶ ሙከራ ነው። በጨለማ፣ ያለ ካታሊስት፣ እንዲሁም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ በአርጎን አንድ አንድ ጊዜ አስኪዱ። በአርጎን የወጣው ከዋናው አሥረኛውን ካለፈ ወደ ፈርነሱ ተመለሱ፤ ያን ውጤት ቀንሶ መቀጠል ራስን ማታለል ነው። በመጨረሻ ምርቱ ከእድፍ እንዳልመጣ ለማረጋገጥ ከተለመደው ካርቦን ከበድ ባለው በካርቦን 13 የተሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገቡ፦ በማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) ካርቦን ሞኖክሳይዱ በማስ 29፣ ሜቴኑ በ17 መውጣት አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ ሲሰባበር 29፣ ውሃም 17 ስለሚሰጥ ጋዞቹ መጀመሪያ በጋዝ ክሮማቶግራፍ (ጋዞችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) ኮለም ይለያዩ።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፉ ከሚሊዮን 10 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ አሳየ እንበል። በባሕር ጠለል 1 ሞል ጋዝ በ25 ዲግሪ 24.5 ሊትር ስለሚይዝ ይህ 0.082 ማይክሮሞል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ በመሆኑ 1 ሞል 32.6 ሊትር ግድም ይሆናል፤ ትክክለኛው 0.061 ነው፣ በግራም በሰዓት 0.31። የመጽሐፉን 24.5 ሊትር ከወሰዳችሁ ካታሊስታችሁ በሲሶ ገደማ «ተሻሽሏል»። መለኪያ ጋዙንም እዚያው ቦታ አስነብቡ።

ኤሌክትሮኑንም ቁጠሩ፦ ለካርቦን ሞኖክሳይድና ለሃይድሮጅን 2 2፣ ለሜቴን 8፤ ከሌላው ወገን ለእያንዳንዱ ኦክስጅን 4። ኦክስጅን ጨርሶ ካልታየ ሆሎቹን የበላው ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜም እድፍ ነው።

ምርቱ በመጀመሪያው ሰዓት ሮጦ ከቆመ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። በአርጎንም እንዲሁ ከሆነ የተጠራቀመ ካርቦን ነበር፣ አለቀ። በአርጎን ምንም ካልወጣ ግን ገጹ ላይ የተጣበቁ መካከለኛ ውሁዶች ቦታውን ይዘውታል፤ ናሙናውን በ350 ዲግሪ አንድ ሰዓት አቃጥላችሁ መልሳችሁ አብሩት። ያኔም ካላገገመ መዳቡ ተሰባስቦ ትልልቅ ቅንጣት ሆኗል፤ በ0.5 በመቶው ናሙና ቀጥሉ።