ከአሮጌ ቦክስ ፋይል የብርጭቆ ማስቀመጫ እንዴት እንደሚሠራ

ጠረጴዛው ላይ ክብ ክብ የሻይ ምልክት ማየት የሰለቸው ሰው ይህን ሥራ ይወደዋል። የሚያስፈልገው ወፍራም ካርቶን፣ ከላጲስ የተቀረጸ ማህተምና ትንሽ ሪባን ነው። እጃችሁ የሚሠራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ማድረቁ ግን ቀናት ይወስዳል። እባካችሁ ከዚያ ላይ አትቀንሱ።

ከካርቶኑ እንጀምር። ዕቃ የሚታሸግበት፣ መሃሉ ሞገድ ሞገድ ያለው ካርቶን አይሆንም። ብርጭቆ ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። የምንፈልገው ድፍኑን፣ ግራጫውን ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። የተጣለ ቦክስ ፋይል ካገኛችሁ ከክዳኑ ብቻ ስድስት ይወጣላችኋል።

10 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በእርሳስ አስምሩ። የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ በካተር ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ለመበጠስ አትጫኑት። በዚያው መስመር ላይ ቀለል አድርጎ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። ጠርዙ ንጹሕ ይወጣል፣ ጣታችሁም ይተርፋል። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ አድርጉት።

ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ማልበስ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ፊታቸው ላይ ብቻ ለጥፌ አሳደርኳቸው። ጠዋት አራቱም ጎብጠው አገኘኋቸው። ወረቀት ኮላ ሲነካው በእርጥበቱ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ካርቶኑን አብሮ ይጎትተዋል። ስለዚህ ጀርባውንም በዚያው ዓይነት ወረቀት አልብሱት። ሁለቱም ወገን እኩል ሲጎትቱት ካርቶኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ነጩን የእንጨት ኮላ በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ወረቀቱን ከመሃል ወደ ዳር በእጃችሁ እያበሳችሁ አየሩን አስወጡ። ከዚያ በደረቅ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የራሰውን ወረቀት በደረቅ ቀይሩና አሳድሩት።

አሁን ወደ ማህተሙ። ልጆች አብረዋችሁ ከሠሩ ድንች ለሁለት ሰንጥቁላቸው። ለአንድ ቀን ያገለግላል። ለረጅም ጊዜ የሚሆነው ግን ትልቅ ነጭ ላጲስ ነው። ለጀማሪ የቡና ፍሬን እመርጣለሁ። ሞላላ ቅርጽ ቀርጻችሁ መሃሏ ላይ ጠመም ያለች መስመር ብትጭሩ በቃ፣ ቡና ናት። አደይ አበባም ያምራል። መስቀል እንድትጠቀሙ ግን አልመክርም። የሚከበር ነገር ላይ ብርጭቆ ማስቀመጥ ብዙ እንግዳ ደስ አይለውም።

ፊደል ከፈለጋችሁ አንድ ነገር አትርሱ። ማህተም ሲመታ ይገለበጣል። «ሀ» እና «በ» ቢገለበጡም ያው ናቸው። «ቡና» ብላችሁ ብትቀርጹ ግን ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ደመቅ አድርጋችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ላጲሱ ላይ ደፍታችሁ ጀርባውን በጥፍር እሹት። ጽሑፉ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል። ያንን ቀርጻችሁ ስትመቱት ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ቀለሙን በተመለከተ የቢሮ ማህተም ቀለም ይቅርባችሁ። ብዙ ጊዜ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። አክሬሊክ ቀለም በስፖንጅ ላይ ጥቂት አድርጉና ማህተሙን እሱ ላይ ነካ ነካ አድርጉት። መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ ሞክሩ። ቀለሙ ከበዛ መስመሮቹ ይደፈናሉ። ስትመቱ አታንቀሳቅሱት፤ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ።

ቀለሙ በደንብ ሲደርቅ ቫርኒሽ ይቀባል። አንዳንዶች በቫርኒሽ ፋንታ ነጭ ኮላ ይቀባሉ። ኮላ ግን ውሃ ሲነካው ይነጣል፣ ትኩስ ብርጭቆ ሲያርፍበትም ይጣበቃል። ስለዚህ ቫርኒሽ ይሁን። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ። ጠርዙንም ቀቡት፣ ውሃ በቀላሉ የሚገባው በዚያ ነውና። ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ትኩስ ነገር ከማስቀመጣችሁ በፊት ሳምንት ያህል ታገሡ።

ሪባኑን ብዙዎች ከላይ በመስቀልኛ ይለጥፉታል። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ብርጭቆው ያዘነብላል። ቦታው ጠርዙ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ሪባን ውሰዱ። ዙሪያው 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 42 አድርጋችሁ ቁረጡ። ማስቲሽ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠርዙ ላይ ቀቡ። ከማዕዘን ሳይሆን ከአንዱ ጎን መሃል ጀምራችሁ አዙሩት። በማዕዘን ከጀመራችሁ መገጣጠሚያው ቶሎ ይላቀቃል። የናይለን ሪባን ጫፍ እንዳይተረተር ለሻማ እሳት ጠጋ አድርጋችሁ ወዲያው መልሱት።

ለስጦታ ከሆነ ስድስቱን ደርባችሁ እሰሯቸው። ለማሰሪያ ከልብስ ሰፊ ዘንድ የተረፈ የጥለት ቁራጭ ጠይቁ። ጥጥ ከሆነ ጫፉን በእሳት ሳይሆን በጠብታ ኮላ ያዙት። ቋጠሮው አንዱን ጫፍ ሲስቡት የሚፈታ ይሁን።