ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ፦ የገንዘብ አቅም ለሌላቸው ወጣቶች የተራራ ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ወጣቶችን ወደ ተራራ ይዞ ለመውጣት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመንገዱና ከድንኳኑ ነው፤ እኔም የጀመርሁት እንደዚያው ነበር። ለመጀመሪያው ጉዟችን «ጠንካራ ጫማና የሁለት ቀን ስንቅ ይዛችሁ ኑ» ብዬ አስነገርሁ፤ በመነሻው ጠዋት ከተመዘገቡት መካከል አራቱ ቀሩ፤ እኔም ፍላጎት ያጡ መስሎኝ ትቻቸው ሄድሁ። ከሳምንት በኋላ አንደኛውን በኮንጎ ጫማ ከመኪና ላይ ጤፍ ሲያወርድ አገኘሁትና ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ጫማ የለኝም ማለት አፍሬ ነው» አለኝ።

ስለዚህ የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሥራ እያንዳንዱን ወጣት የሚያስቀረው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከገጠር ስንቅ እየተላከለት በጋራ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ የሚቸገረው በትራንስፖርትና በጫማ ነው፤ ጫማ እየጠረገ ወይም በቀን ሥራ እየዋለ ቤተሰብ የሚረዳው ደግሞ ሁለት ቀን ከሥራ ሲቀር የዚያ ሳምንት ቀለብ ይጎድልበታል። የቀረበትን የቀን ገቢ ከትራንስፖርትና ከምግብ ጋር አንድ ላይ በበጀት መያዝ ይገባል፤ ይህን እንደ ትርፍ ወጪ የሚቆጥር አዘጋጅ መጨረሻ ላይ ይዞ የሚወጣው አቅም ያላቸውን ልጆች ብቻ ነው። የጫማ ቁጥር ከጉዞው አንድ ወር አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ጫማው ያለውም የሌለውም ሳይለይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ከሁለት ሳምንት በፊት ይታደል። እንዲህ ሲሆን እገሌ ተቸግሮ ተሰጠው የሚባል አይኖርም፤ ጫማውም በእግር ላይ ለምዶ ስለሚቆይ ተረከዝ አይልጥም።

የቤተሰብን ፈቃድ በወረቀት ብቻ መሰብሰብ አይበቃም፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማነጋገር ያስፈልጋል። በተለይ የሴት ልጆች እናቶች ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚታደርና ልጃቸው ብትታመም በምን እንደምትመለስ በግልጽ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ሴቶች ባሉበት ጉዞ ሁሉ ቢያንስ አንዲት ሴት መሪ ልትኖር፣ የንጽሕና መጠበቂያም ሳይጠየቅ በዕቃው ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ጊዜውን በተመለከተ እኔ የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ ያለውን የጥር ወር ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ስላለቀ የገጠር ልጆች ለሥራ አይፈለጉም፤ ዝናብ የለም፤ የትምህርት እረፍትም በዚያው ሰሞን ይገጥማል፤ ወሩ የሠርግ ወር በመሆኑ ግን ቀኑን ከቤተሰብ ጋር ተማክሮ መቁረጥ ይሻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሰላሙ ሁኔታ ይጠየቅ። የሚታለፍባቸውን ወረዳዎችና ቀበሌዎች እንዲሁም የአካባቢውን ሽማግሌዎች አነጋግሮ መንገዱ ደህና ነው የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ካልተገኘ ጉዞው መሰረዝ አለበት፤ ለልጆቹም ምክንያቱ በእውነት ይነገራቸው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከተማ ውስጥ በሹራብ የሚታለፍ ሌሊት እዚያ ውርጭ ነው። በመጀመሪያው ቀን ረቡዕ ገበያ ከተባለችው ከተማ በላይ ብዙ ሳይርቁ አድሮ፣ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ መውጣት፣ የትም ተደርሶ ቢሆን ደግሞ በ8 ሰዓት ፊትን ወደ ታች ማዞር ይገባል። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም እንደ ሰካራም የተንገዳገደ ልጅ ካለ በእረፍት ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ ከአንድ አዋቂ ጋር ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ ነው። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ከራሰ በኋላ ሙቀት አይይዝም፤ የጮቄ እረኞች ባናና ደበሎ የሚለብሱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ጋቢ የያዘ ሁሉ በላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝ።

ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይበቃል፤ እነዚህ የጾሙንም ቀን ያሳልፋሉ። በዚያ ከፍታ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥሬ ባቄላ ይዞ ወጥቶ ንፍሮ ለመቀቀል መሞከር ማገዶ መጨረስ ነው። የምንጭ ውሃ ሦስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ማገዶ ከታች ተጭኖ ይወሰድ እንጂ አስታ የተባለው የተራራ ዛፍ አይቆረጥ፤ ጅብራ የተባለው ረጅም ተክልም አይነካ፤ ተራራው አይራቆት፤ ከዚያ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ዓባይ የሚገቡ ናቸውና።

በ1941 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀርመን ተወላጁ አስተማሪ ኩርት ሃን እና የመርከብ ኩባንያ ባለቤቱ ሎረንስ ሆልት በዌልስ አበርዶቪ «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለውን ትምህርት ቤት ለወጣት መርከበኞች ሲያቋቁሙ የተነሡት፣ ችግር ላይ ሰውን ከጉልበት ይልቅ በራሱ መተማመን ያቆመዋል ከሚል እምነት ነበር። ይህ መተማመን የሚገኘው ደግሞ ልጁ እውነተኛ ኃላፊነት ሲሰጠው ነው፦ ውሃውን የሚያከፋፍል፣ ከኋላ ሆኖ የደከመውን የሚጠብቅ፣ ማደሪያ የሚመርጥ ከመካከላቸው ይሁን። ከጮቄ ሥር በግ ሲጠብቅ ያደገ አንድ ልጅ ነበረን፤ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ነው። አናቱ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረው ቆም ብሎ የጓሳው ሣር በነፋሱ ወደየት እንደተኛ አየና፣ ደመናውን በብትሩ እያሳየ፣ «ይህ ጉም ሳይሸፍነን እንመለስ» አለ። ተመለስን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከኋላችን ያለው ሸንተረር በጉም ተዋጠ፤ ልጆቹም እስከ ታች ድረስ እርሱን እየተከተሉ ወረዱ።

ከተመለሱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁሉም ይሰብሰቡ። ድንኳኑ ደርቆ ይታጠፍ፤ ጫማው ግን ለልጆቹ ይቅር። የጎደለውንና የከበደውን እነርሱ ይናገሩ፤ አንድ ልጅ ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ጉዞ መንገድ የሚመሩት ሁለቱም በዚያው ዕለት ከመካከላቸው ይመረጡ።